ሳጥኑ ጠቦኝ ነው

አጎቴ ገብረክርስቶስ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በሰዓቱ የደረሰበት ቦታ ግን ትዝ አይለኝም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ቁጭ ሲልባት ጉልበቱ ውጭ የሚቀር የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች አንዱም ከሌላው ጋር አይስማማም። «የቱ ነው ትክክለኛው?» የሚል ደንበኛ ሲመጣ «አንተ የትኛውን ትወዳለህ?» ብሎ ይመልስለታል። ሰዓቱ ለፋሲካ እንዲደርስለት የሰጠ ሰው ለመስቀል ከወሰደ ዕድለኛ ነው። ታላቅ እህቱ፣ እናቴ እንቁ፣ «አንተኮ ስትወለድም ቀጠሮ አሳልፈህ ነው የመጣኸው» ትለው ነበር። «አንቺ ቀድመሽ ወጥተሽ በሩን ስለዘጋሽብኝ ነው» ይላታል።

የምንኖረው እሪ በከንቱ ነበር፤ እኔ፣ እማዬና ጋሼ፤ አጎቴን የምጠራው እንደዚያ ነው። አባቴ «መጣሁ» ብሎ ከወጣ ሰንበት ብሎ ስለነበር ስለሱ የሚያወራ አልነበረም። ጋሼ ማታ ማታ ከሱቁ ሲመለስ ድልድዩ ድረስ ሄጄ እቀበለውና ዳገቱን አብረን እንወጣለን። የኛ ሰፈር ዳገት እግሩ ደህና ለሆነ ሰው ቀላል ነው። ጋሼ ግን አምፖል ሻጩ ጋ ቆሞ አንድ ወሬ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ጋ ቆሞ አንድ ተረብ፣ የሸምሰዲን ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ደግሞ ሌላ ረጅም ታሪክ ያወራል። እኔ ሰው ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። ሰው ይወድ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ዛሬ እኔም ያን ዳገት የሚያክል ዕድሜ ላይ ስደርስ የሚገባኝ፣ የሚቆመው ትንፋሹን ለመሰብሰብ እንደነበር ነው። ያን ሁሉ ዓመት አርፋጅ እየተባለ የተሰደበው በልቡ ምክንያት ነው። እሱም ልቤ ደከመ ከሚል አርፋጅ ቢባል ይመርጥ ነበር።

ያኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ለቅሶ የሚባለውን ነገር የጋሼ ትርኢት አድርጌ ብቆጥር አይፈረድብኝም። በሰፈራችን ድንኳን በተተከለ ቁጥር አንድ ሰው ቤታችን መጥቶ «ገብሬ አለ?» ይላል። ጋሼ ኮቱን ይደርብና እጄን ይዞ ይሄዳል። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ንፍሮ በሳፋ ቀርቧል፣ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ጋሼ ሲገባ ሁሉም ይጠጋጉለታል። ድንኳኑ ለሱ የተተከለ ነበር የሚመስለኝ። ሴቶቹ እቤት ውስጥ ሆነው የሚያለቅሱት ደግሞ ቀልዱ እዚያ ድረስ ስለማይሰማቸው ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር።

ከቀልዶቹ ሁሉ የሚታወቅበት የስም ጥሪው ነው። የእድራችን ዳኛ መቶ አለቃ ዓምደሚካኤል ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። የአባሉን ሁሉ ስም በቃላቸው ይዘው፣ ቀብር ላይም ሆነ ሰልስት ላይ «እህህ!» ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና እንደ ምልምል ጦር ያሰልፉናል። አቤት ያላለ ቀሪ ነው፤ ቀሪ ደግሞ ይቀጣል። ምጥ ላይ የነበረች ሴትዮ ቀጥተዋል ይባላል። ጋሼን ከቀጡት ቅጣት ደግሞ ሌላ ድንኳን ይገዛ ነበር።

የጋሼ ቀልድ ታዲያ ይሄ ነው። አንድ አርፋጅ የእድር አባል ይሞታል። ዳኛው ቀብሩ ላይ ስም ሲጠሩ በልማድ የሱንም ስም ይጠራሉ። ጋሼ ሬሳውን ሆኖ አግዳሚው ላይ በጀርባው ይጋደማል፣ ከአንዱ ሰውዬ ጋቢ ተውሶ እስከ ፊቱ ይሸፈናል። ሌላ ሰው የመቶ አለቃን ድምፅ አስመስሎ «እህህ! ገብረክርስቶስ!» ይላል። ዝም። «ገብረክርስቶስ!» ጋቢው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ «ቀሪ» ሊባል ሲል ጋሼ ጋቢውን ወርውሮ ብድግ ይላል፤ «አቤት! አለሁ! ቀሪ እንዳትሉኝ ጌታዬ፣ ሳጥኑ ጠቦኝ ነው የዘገየሁት!»

ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ሰውም ስንቴ እንዳየው አያውቅም፤ ግን ይስቃል። ጋሼ አሪፍ የሆነበት ምክንያት በየጊዜው አነሳሱን ትንሽ ትንሽ እያዘገየው ስለሚሄድ ነበር። «ፋራ ቀልደኛ ቶሎ ይነሳል። አራዳ ግን ሰው ሊያለቅስ ሲደርስ ነው የሚነሳው» ይለኝ ነበር።

የአብርሃ እናት ሞቱ። አብርሃ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከናቱ ጋር ብቻውን የኖረ ዝምተኛ ሰው። በቀብሩ ማግስት ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ስንደርስ አብርሃ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል፣ ንፍሮው በእጁ እንዳለ ደርቋል። ጋሼ ፊቱ ላይ ወዝ አልነበረውም፤ ዳገቱን ስንወጣ ማንንም ሳያናግር ነበር ቦታ ቦታው ላይ የቆመው። ገና ከመቀመጡ መቶ አለቃ መጥተው አጠገቡ ቆሙና አንገታቸውን ደፋ አድርገው አንሾካሾኩ። ሲቆጡት መሰለኝ፤ ሁሌም ይቆጡታልና።

«ይሄ ሰው እናቱን ሊከተል ነው። እህል በአፉ ከዞረ ሦስት ቀኑ። አንድ ነገር አድርግ እንጂ።»

«ዛሬ እንኳ ትንሽ ደክሞኛል፣ ጌታዬ።»

«አንዴ ብቻ፣ ገብሬ።»

ጋሼ አብርሃን አየው። ከዚያ ያ የታወቀ ፈገግታው መጣ። «እሺ። ግን የሚጠራኝ እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ነው።»

ለካ በየለቅሶው «ገብሬ አለ?» እያሉ ሰው የሚልኩብን መቶ አለቃ ነበሩ። በአደባባይ ይቀጡታል፣ በጓሮ ያስጠሩታል። ይሄንም፣ ያን ሹክሹክታም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጋሼ ተጋደመ፣ በጋቢ ተሸፈነ። መቶ አለቃ መሀል ላይ ወጥተው ባርኔጣቸውን ሲያስተካክሉ ገና ሳይጠሩ ድንኳኑ በሳቅ ታመሰ፤ ዋናው ባለቤት ራሱ ሊተውን ነዋ! «እህህ! ገብረክርስቶስ!» ዝም። «ገብረክርስቶስ!» ጋቢው ንቅንቅ አላለም። ሰው አፉን በነጠላው ይዞ ይንፈቀፈቃል፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት አዘገየው እያለ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩት። ጋሼ አልተነሳም። መቶ አለቃ ትንሽ ጠበቁና፣ ሌላ ምን ይበሉ፣ በሙሉ ድምፃቸው «ቀሪ!» አሉ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። አብርሃ ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ወረደ። መቶ አለቃ ራሳቸው፣ እነዚያ የማይስቁት ሰውዬ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። እኔማ እንባዬ ይወርዳል። ሳቁ ቆይቶ ከዳር ከዳር እየሳሳ መጣ፣ እንደገና አገረሸ፣ እንደገና ሳሳ። ካርታ ይዞ የነበረው ፍትዊ «በቃ ተነስ እንግዲህ፣ ገደልከን እኮ!» ብሎ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ገለጥ አድርጎ መልሶ ሸፈነው። ካርታዎቹን መሬት ላይ አስቀመጣቸው።

ከዚያ ተሸክመውት ወደ መኪና ሮጡ። ቀልዱ እስከ መኪና ድረስ ሄዶ አያውቅም ነበርና አጨበጨብኩ። አንድ ሰው እጄን ያዘኝ። ቆየት ብለው መቶ አለቃ ከሆስፒታል ተመለሱ፣ ፊቴ ቁጢጥ አሉ፣ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል።

«ምኞት፣ ያየሽውን ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ነገ ጠዋት እኛ እንነግራታለን። እሺ?»

ገባኝ። እማዬን ሊያስደንቋት ነው። «ለማንም አልናገርም» አልኳቸውና ጋሼ ባስተማረኝ አጠቃቀስ ጠቀስኳቸው። መቶ አለቃ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ።

ጋሼ ለቅሶ ቤት ማደር ልማዱ ስለሆነ እማዬ አልጠበቀችውም። እኔን የሸምሰዲን ሚስት እትዬ ከሪማ «ከልጄ ከሱፊያን ጋር ትጫወት፣ እኛ ጋ ትደር» ብላ አስፈቅዳ ወሰደችኝ። የልጅ አፍ አይታመንማ።

ሲነጋጋ ከእትዬ ከሪማ መስኮት ሆኜ አየኋቸው። መቶ አለቃ ከፊት፣ ሸምሰዲን፣ ፍትዊ፣ ሌሎችም ነጠላቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ተደረደሩ። የሰፈራችን ሰው ሲያረዳ እንዲህ ነው፤ ማንም ቀድሞ መናገር ስለማይፈልግ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። እማዬ መፋቂያ በአፏ እንደያዘች በሩን ከፈተች። አየቻቸው። ደነገጠች እንጂ አላለቀሰችም፤ ዓይኖቿ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ሰው ይፈልጋሉ።

«ማን ሞተ? ደግሞስ ገብሬ የታለ? እንዲህ ያለ ነገር ላይ እሱ አይቀርም።»

ሸምሰዲን ፍትዊን ጎሸም አደረገው። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ሳቄን ለመያዝ አፌን በሁለት እጄ አፍኛለሁ። እማዬ እንደገና «ገብሬ የታለ?» አለች፤ መፋቂያው ከአፏ ወደቀ፣ አንዴ «ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ከሪማ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችኝ። እማዬ እንዴት ጎበዝ ናት አልኩ በልቤ፤ ለካ እሷም ትችልበታለች።

ከዚያች ጩኸት በኋላ ግን እማዬ ደረቀች። ቀብር ሄዳ ስትመለስ ዓይኗ ደረቅ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። ድንኳኑ በኛ ግቢ ተተክሎ እሷ እዚያው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የገባውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። «መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

እዚህ ላይ የሰፈራችን ሰው ሥራውን ጀመረ። በለቅሶ ቤት የተሳቀ ሳቅ፣ ያውም በሬሳ ላይ፣ እንዴት ይነገራል? ተመካከሩ። ፍትዊ «ዳዊት እየደገመ ነው ያረፈው» አለ። «ገብሬ? ዳዊት?» አለች እማዬ። ሌላው «ማርያም ማርያም እያለ» አለ። ሦስተኛው፣ እሱ ጭራሽ ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም፣ «እህቴን አደራ ብሎ፣ ንስሐ አባቱን አስጠርቶ» አለ። ሁሉም የተናገረው በኔ ፊት ነው። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ አይደል! አጎቴን ሞቶ እያለ አንድ ቀን እንኳ ያልነበረውን ጻድቅ አደረጉት። እማዬ እያንዳንዱን ሰምታ ራሷን ትነቀንቃለች። «ይሄ የኔ ወንድም አይደለም። የማንን ሰው ነው የምታወሩልኝ?» ትላለች። ከኋላዋ ደግሞ ሴቶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ «አንዲት እንባ እንኳ! ወንድሟ አይደለም እንዴ?» ይባባላሉ።

ማልቀስ አልቻለችም። ያለ ሰውዬውማ ምን ብላ ታልቅስ? ሙሾ አውራጇ እንኳ ግራ ገብቷት «ዳዊት ደጋሚው» ብላ ስትጀምር እማዬ እጇን አንስታ አስቆመቻት።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ጋሼ በጣም አረፈደ። በቀብሩ ቀን እኔን እቤት ትተውኝ ሲሄዱ፣ እዚያ ስም ሲጠራ ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እትዬ ከሪማን «ስሙን ጠሩት ወይ?» አልኳት።

«ጌታ ጠራው፣ የኔ ልጅ።»

«መጥራት ያለባቸውኮ መቶ አለቃ ናቸው!»

አቅፋኝ አለቀሰች። ትልልቅ ሰዎች ነገር ቶሎ አይገባቸውም።

ሰልስት ደረሰ። ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት መቶ አለቃ ተነሱ፣ «እህህ!» አሉ። ልቤ ዘለለች። ይኸውልህ፣ በቃ፣ አሁን ነው። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቅሁለት። ስም መጥራት ጀመሩ፤ «ራጉኤል!» «አቤት!» «ፍትዊ!» «አቤት!» ጋሼ የሚጠራበት ቦታ ደረሱ፤ አፋቸው ተከፈተና ተዘጋ፣ ወደሚቀጥለው አለፉ።

«ዘለሉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። መቶ አለቃ «ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ።

«ጋሼን ዘለሉት! እርስዎ ካልጠሩት እንዴት ይነሳል?»

አንዱ ሽማግሌ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ ይተዉዋት፣ ይቀጥሉ» አለ። እማዬ ግን ከፍራሹ ቀና ብላ ነበር። «ምን ማለትሽ ነው ምኞት?» አለችኝ።

መቶ አለቃን አየኋቸው። አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን እነሱም ጠዋት እንነግራታለን ብለው አልነገሯትም። ስለዚህ አሳየኋት። የፍትዊን ጋቢ ጎትቼ ወሰድኩና አግዳሚው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። «በጋሽ አብርሃ ድንኳን እንዲህ ተኛ። መቶ አለቃ ሦስቴ ጠሩት፣ አልነሳም አለ። ከዚያ ቀሪ አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ አብርሃ ከወንበር ወደቀ። እስካሁን አልተነሳም፤ ለምን እንደሚያሾፍ እንጃለት።»

አንድም ሰው ንፍሮ አይቆረጥምም።

«እውነቷን ነው?» አለች እማዬ።

መቶ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ጭንቅላታቸው ትንሽ ነበር። «እውነቷን ነው፣ እንቁ። ደክሞኛል እያለኝ እኔ ነኝ የለመንኩት። የጠራሁትም እኔ ነኝ። ቀሪ ያልኩትም እኔ። ስንስቅ… እየሳቅን ነው የሄደብን። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

አብርሃ ጥጉ ላይ ሆኖ «እኔን ሊያስቀኝ ነው» አለ፤ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

«እስቲ ይጥሩት» አለች እማዬ።

«እንቁ…»

«ያኔ እንደጠሩት አድርገው ይጥሩት።»

እኔ ጋቢውን እስከ ፊቴ ሳብኩ። ሲነሳ ቀድሜ እንዳላይ፣ እንዲደንቀኝ ፈልጌ ነው። ጨለመ፤ ጋቢው የሰው ላብና የትንባሆ ሽታ አለው። «ገብረክርስቶስ!» ሲሉ ሰማሁ፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው አይደለም። ጠበቅሁ። «ገብረክርስቶስ!» የእግር ኮቴ እንዲሰማኝ ጆሮዬን አቆምኩ። ሦስተኛው ጥሪ ግማሽ ላይ ተሰበረ። ከዚያ ምንም የለም። ጋቢው ውስጥ ሆኜ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ጋሼ እንደማይመጣ አወቅሁ። አራዳ እንኳ ይሄን ያህል አያዘገይም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ጋቢውን ግን መግለጥ ፈራሁ።

ያኔ ከፍራሹ በኩል፣ የሱን አነጋገር፣ የሱን ጉሮሮ፣ ቁርጥ የሱን ድምፅ ሰማሁ።

«አቤት! አለሁ! ቀሪ እንዳትሉኝ ጌታዬ፣ ሳጥኑ ጠቦኝ ነው የዘገየሁት!»

ጋቢውን ወርውሬ ተነሳሁ። እማዬ ነበረች። ተነስታ ቆማለች፣ ነጠላዋ ወድቋል፣ ትስቃለች። መጀመሪያ አብርሃ ሳቀ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። እሷ እየሳቀች ሳቁ መሀል ላይ ተቀየረ፣ «ወንድሜ! ቀልደኛው ወንድሜ! አርፋጁ! ለዚህ ለዚህ እንዴት ቀደምከኝ?» እያለች ደረቷን መታች። ሦስት ቀን የታመቀው እንባ ወረደ። ሙሾ አውራጇም አሁን ምን እንደምትል ገባት። መቶ አለቃ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ።

የእድሩን አባልነት እማዬ ወረሰች፣ ግን ስሙ እንዲቀየር አልፈለገችም። ከዚያ በኋላ በየቀብሩ መቶ አለቃ «ገብረክርስቶስ!» ሲሉ እማዬ ከሴቶቹ መሀል «አቤት! አለሁ!» ትላለች። የማያውቅ እንግዳ ዞሮ ያያታል።

አሁን እሪ በከንቱ የነበርንበት ግቢ የለም። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ እድሩ ግን አልፈረሰም። በኛ አገር ቤት ይፈርሳል እንጂ ቅጣት አይፈርስም። የእማዬ ጉልበት እምቢ ስላለ የምሄደው እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥር መቶ አለቃ ዓምደሚካኤልን ቀበርናቸው። ቢሮዬ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው፤ አለቃዬን እስካስፈቅድ፣ ታክሲ እስካገኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ ቀብሩ አልቆ ስም እየተጠራ ነበር። አዲሱ ዳኛ ልጅ እግር ነው፤ ስሙን ሁሉ ከስልኩ ላይ ያነባል። «ገብረክርስቶስ!» አለ። እየሮጥኩ ነው፣ ትንፋሼ አጥሯል። «ገብረክርስቶስ!» ለሦስተኛ ጊዜ ጠራና «ቀ…» ሲል ደረስኩ።

«አቤት! አለሁ!»

ልጁ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ገብረክርስቶስ አንቺ ነሽ? ለምንድን ነው ያረፈድሽው?»

ልመልስለት ስል ዓይኔ መቃብሩ ላይ አረፈ። ትኩስ አፈሩ ከመቶ አለቃ በላይ ተቆልሏል፤ እንደሳቸው አድርጎ የሚጠራኝ የለም። ያኔ ከኋላ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ የቆመው አብርሃ፣ ያ ዝምተኛ ፀጉር አስተካካይ፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፣ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ተዋት አንተ ልጅ! ሳጥኑ ጠቧት ነው!»